መኪናዋን መዘፍዘፍ፦ የአንዲት ነጭ ቪትዝ የእጥበት ማስታወሻ

ዓርብ ማታ፣ ጥቅምት 7

ክረምቱ ወጥቷል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሰማዩ ጠርቷል። ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ይለበልባል። መንገዱም ደርቋል። ቪትዟ ግን ክረምቱን እንዳለ ተሸክማ ቆማለች። ነጭ መሆኗ የሚታወቀው በጣሪያዋ ብቻ ነው።

ነገ ልጀምር ነው። ዛሬ ከሥራ እንደተመለስኩ የእጅ ባትሪ ይዤ ዙሪያዋን ዞርኩና ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ቆሻሻ ሁሉ አንድ አይደለም። የትኛው የት እንዳለ ሳላውቅ እጄን ማስገባት አልፈለግሁም።

ከበሮቹ ግርጌ፣ በሁለቱም ጎን፣ የደረቀ ጭቃ አለ። እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ቀዩ ነሐሴ ላይ ለለቅሶ ወደ ጮቄ ተራራ አቅጣጫ፣ ወደ ረቡ ገበያ ስወጣ የያዘኝ ነው። ጥቁሩ የሉማሜና የደጀን ሜዳ ዋልካ ነው፤ የጤፍ አገር አፈር። ቀዩን በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ዋልካው ግን ደርቆና ተሰነጣጥቆ ቅርፊት ሆኗል። ጥፍር አያስገባም።

ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ይኼ ሬንጅ ነው። መስከረም ውስጥ ከአዲስ አበባ ስመለስ ዓባይ በረሃ ላይ ገና ሬንጅ የፈሰሰበት የተጠገነ መንገድ አጋጥሞኝ ነበር። በዚያ ሙቀት ሬንጁ አልጠነከረም። ስነዳ ጠጠሩ ከሥር ጠጠጠ ሲል ይሰማኝ ነበር፤ ሬንጁም አብሮ ሲለጠፍ እንደነበር አሁን ገባኝ። በግራ በኩል ብቻ 41 ነጥብ ቆጠርኩ።

ሦስተኛው ነው ያስደነገጠኝ። ከኋላ በሩና ከኋላ ፓራፋንጎዎቹ (ጎማውን ከላይ የሚከልለው ላሜራ) ላይ እንደ በርበሬ ቅንጣት የደቀቁ ብርቱካንማ ነጥቦች አሉ። ላሜራው ከውስጥ ዝጎ የወጣ መሰለኝ። ቀረብ ብዬ ሳየው ግን ነጥቦቹ ከቀለሙ በላይ ናቸው። የብረት ብናኝ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ሲያዝ ከፍሬኑ የሚፋቀው ብረት እንደ ዱቄት ይበናል። ትኩስ ስለሆነ ቀለሙ ላይ ሲያርፍ ይጣበቃል። ከዚያ ዝናብ ሲያገኘው ይዝጋል። ሌላም ምንጭ አለው። ቀን ቀን መኪናዋን የማቆምበት ቦታ አጠገብ የብረት በር የሚሠራበት ቤት አለ። የግሪንደሩ ፍንጣሪ አጥሩን ዘሎ ይመጣል። ከነገ ጀምሮ ቦታ እቀይራለሁ።

በመጨረሻ ባትሪውን ኮፈኑ ላይ አበራሁ። በብርሃኑ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የሆነ የጭረት ክብ ወጣ። ይኼኛው ቆሻሻ አይደለም። ዓምና አንድ ላቫጆ ላይ አቧራውን ሳያረጥቡ በደረቅ ጨርቅ ወለወሉልኝ። አጠገባቸው ቆሜ አይቼ ዝም አልኩ። የመንገድ አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ፤ አሸዋ ደግሞ ከመኪና ቀለም ይጠነክራል። በደረቁ ሲጠረግ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው። ያ ዝምታዬ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ሥራ ግቢዬ ውስጥ በገዛ እጄ ልሠራው የወሰንኩትም ለዚህ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ጀመርኩ። ፀሐይ ኮፈኑን ሳታሞቀው ማለቅ አለበት። ላሜራው ከሞቀ ሳሙናው ሳይታጠብ ይደርቃል፣ ነጭ ነጭ ምልክትም ጥሎ ይቀራል።

ውሃ በፈረቃችን ሐሙስ መጥቶ ስለነበር ስድስት ጀሪካን ሞልቼ አስቀምጫለሁ፤ እያንዳንዱ 20 ሊትር። ከቆርቆሮው ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃም በርሜል ሙሉ አለ። እሱን ለመጨረሻው ማለቅለቂያ አስቀረሁት። የዝናብ ውሃ የተሟሟ ማዕድን እምብዛም ስለሌለው ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ አይተውም። ለሁለት ወር ስላረፈ ዝቃጩ ከታች ሰፍሯል። ከላይ ከላይ ቀስ ብዬ እቀዳለሁ።

መጀመሪያ ውሃ በጣሳ ጣሪያው ላይ ለቀቅኩ። አቧራው እየቀላ ወረደ። የጎረቤት ልጅ ሊያግዘኝ መጥቶ ነበርና ውሃ ማፍሰሱን ለእሱ ሰጠሁት። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅሁት፦ «በእጅህ እንዳትነካው፣ ውሃው ራሱ ይሥራ።» ጣሪያውና ኮፈኑ በዚያው ጸዳ። የበሮቹ ግርጌ ግን ንቅንቅ አላለም። ዋልካው ላይ ውሃው ፈስሶ ይሄዳል፤ ከላይ ጠቆር ይላል፣ ወዲያው ተመልሶ ይደርቃል። ስፖንጅ አነሳሁ። አንድ ጊዜ ገፋ ሳደርገው ክርክር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው እጄን ሰበሰብኩ።

እማየ በረንዳ ላይ የሽሮ እህል እያበጠረች ታየኝ ነበር።

«ልጀ፣ ምነው እንዲህ ትታገላታለህ? ጋቢ እንኳ ሳይዘፈዘፍ አይነጣም እኮ።»

«መኪና ሳፋ ውስጥ አይገባ፣ እማየ።»

«ሳፋውን ወደ እሷ ውሰደዋ!»

ተነስታ ገባችና ሁለት አሮጌ ነጠላ ይዛ ወጣች። ጥለታቸው የተቀደደ፣ ለምንም የማይሆኑ ናቸው። ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣሳ ውሃና ትንሽ ላርጎ አደረግሁ። ነጠላዎቹን ነክሬ፣ ሳልጨምቅ፣ በበሮቹ ግርጌ ላይ ለጠፍኳቸው። እርጥብ ነጠላ ላሜራ ላይ በራሱ ይጣበቃል። ጫፉ ሲንሸራተት በሩን ከፍቼ አስገባሁና ዘጋሁበት። በየአምስት ደቂቃው ልጁ በጣሳ ውሃ ያጠጣቸው ነበር።

ሃያ አምስት ደቂቃ ጠበቅን።

ነጠላውን ከጫፉ ይዤ ቀስ ብዬ ገለጥኩት። ያ ጥፍር የማያስገባው ቅርፊት እንደ ሊጥ ለስልሷል። ግማሹ ነጠላው ላይ ተጣብቆ መጣ። ግማሹ ወፍራም ሆኖ፣ ከዳር እየተላቀቀ፣ በራሱ ክብደት ወደ መሬት ተንሸራተተ። ከሥሩ ነጩ ብቅ አለ። ጣሳ ውሃ ከላይ ስለቅበት የቀረውን ይዞት ሄደ። በእጄ አልነካሁትም፣ በስፖንጅም አልነካሁትም። ልጁ «ወይኔ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ከእሱ ባልተናነሰ ደስ ብሎኛል።

ነገሩ የዋልካው ባሕርይ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጋ ላይ የእርሻ መሬቱ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ጊዜ ተሰጥቶት ሲያብጥ በላሜራው ላይ ያለው ቁንጥጫ ይላላል። ውሃ ደፍተው ወዲያው ካሹት ግን ከላይ ብቻ ረጥቦ ከሥር ድንጋይ እንደሆነ ነው፤ ያኔ የሚታሸው አሸዋው ነው። ለካ የጎደለኝ ጉልበት ሳይሆን ጊዜ ነበር።

ከዚያ መደበኛው እጥበት ቀጠለ። ሁለት ባልዲ አቆምኩ። አንዱ ላይ የሳሙና ውሃ፣ ሌላው ላይ ንጹሕ ውሃ። ስፖንጁ በሩን ባበሰ ቁጥር መጀመሪያ ንጹሑ ውስጥ ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይገባል። ሲያልቅ የንጹሑን ባልዲ ታች ባየው ሁለት ጣት አፈር ተኝቷል። ባልዲው አንድ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ተመልሶ ቀለሙ ላይ ይወጣ ነበር። ከላይ ወደ ታች፣ በቀጥታ መስመር እንጂ ክብ ሳልሠራ። ቸርኬዎቹ በሌላ ስፖንጅ፣ በመጨረሻ።

ስለ ሳሙናው። ላርጎ ቅባት ይቆርጣል፤ ስለዚህ ቀለሙ ላይ የነበረውን ሰምም ይዞ ይሄዳል። ለዛሬ ይኼ ይጠቅመኛል፤ መጨረሻ ላይ አዲስ ሰም እቀባለሁና። በየሳምንቱ ግን አይሆንም። ኦሞን ጨርሶ አልጠቀምም። ዱቄቱ በደንብ ካልሟሟ ፍሬው ይጭራል።

እማየ እንዶድም ሰጥታኝ ነበር፣ «ሸማውን የሚያነጣ ይቺን አያቅተውም» ብላ። ተወቅጦ ሲመታ አረፋው ጉድ ነው። በጨርቅ አጥልዬ በቀኙ የኋላ በር ግርጌ ላይ ሞከርኩት፤ የፍሬው ቁርጥራጭ ካልተጠለለ ይጭራል። አቧራውንና የጭስ ጥቀርሻውን በሚገባ አነሳ። ሬንጁን አልነካውም። ስወቅጠው ብናኙ አፍንጫዬ ገብቶ ያስነጠሰኝ ግን አይረሳኝም። እጣቢውን ወደ ቦዩ አልለቀቅሁትም፤ ቦዩ ወርዶ ወርዶ ወንዝ ይገባል። እንዶድ ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ ዓሣም ይጎዳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የደረሱበት እኮ እንዲሁ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን የማጥፋቱ ምርምር ከዚያ ተነሳ። እኔ እጣቢውን አጥር ሥር ቆፍሬ ደፋሁት፤ ከእማየ ጎመን ርቆ።

በዝናብ ውሃው አለቅልቄ በማይክሮፋይበር ጨርቅ አደረቅሁ፤ ጨርቁን እየጎተትኩ ሳይሆን እያሳረፍኩ። ከጀሪካኖቹ አራት ተኩሉ አለቀ። 4 ሰዓት ሆኗል።

ጭቃው የለም። ሬንጁና ብርቱካንማው ነጥብ ግን አሁን ከትናንት ይበልጥ ጎልተው ይታያሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሰንበት ነው። ምንም አልነካሁም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቆሜ አየኋት ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከሥራ በኋላ 10 ሰዓት ተኩል። የሬንጁ ተራ።

ስለ ሬንጅ የጠየቅኳቸው ጋሸን ነው። ጎረቤታችን ናቸው። ዕድሜያቸውን በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ የፈጁ፣ ዓባይ በረሃን በጭለማም በጭቃም የሚያውቁ ሰው። ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ጎንበስ ብለው ነጥቦቹን አዩ።

«በምን ልታወጣው ነው?»

«ቲነር ገዝቻለሁ ጋሸ።»

«ተው! ቲነር ሬንጁንም ቀለሙንም ነው የሚያወጣልህ። ላምባ ነው እንጅ። የነዳጅ ወንድሙን በነዳጅ ነው የምታስለቅቀው።»

እውነታቸውን ነው። ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚተርፈው ወፍራም ዝቃጭ ነው። ውሃና ሳሙና ሲያዩት ይሸሻል። ላምባ ግን ዘመዱ ስለሆነ ቀስ ብሎ ያሟሟዋል። ቲነርም ያሟሟል፤ ችግሩ ቀለምንም ማሟሟቱ ነው። ፋብሪካ ላይ የተቀባ ቀለም በ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚጋገር ትንሽ ይቋቋም ይሆናል። የእኔ መኪና ግን የቀኙ የፊት ፓራፋንጎ ከግጭት በኋላ ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀባ ነው። ያልተጋገረ ቀለም ቲነር ሲነካው ይለሰልሳል፣ ይሸበሸባል። ጣሳዋን ሳልከፍት ወደ ዕቃ ቤት መለስኳት።

ላምባውንም ቢሆን መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞከርኩት። በሩ ተከፍቶ ከውስጥ ጠርዙ ላይ፣ አምስት ደቂቃ። ነጭ ጨርቁ ላይ የመጣ ቀለም የለም። እንቀጥል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሮጌ ካናቴራ በትንንሹ ቀደድኩ። ቁራጩን ላምባ አስነክቼ ነጥቡ ላይ አሳርፌ እይዘዋለሁ። አላሽም። እንደ ነጠላው ነው፣ መጠበቅ። በአንደኛው ደቂቃ ምንም የለም። በሁለተኛው ከጨርቁ ሥር ቡናማ ነገር መስመር ሠርቶ መውረድ ይጀምራል፣ ልክ እንደ ቡና አተላ። በሦስተኛው ጨርቁን ሳነሳው ነጥቡ የለም፤ ጨርቁ ላይ ጥቁር ክብ አለ። ወዲያው ጨርቁን እቀይራለሁ። ሬንጅ በነካ ጨርቅ ሌላ ቦታ ቢያብሱ ጥቁሩን ማዳረስ ነው የሚሆነው፤ መሃሉ ላይ የተያዘች ትንሽ ጠጠር ካለች ደግሞ ትጭራለች። ትልልቆቹ ነጥቦች ሁለት ሁለት ጊዜ ፈለጉ።

በመሃል እማየ ቡና ልታፈላ ከሰሉን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ላምባው እጄ ላይ ነው፣ የተነከሩ ጨርቆችም እግሬ ሥር ተከምረዋል። «እማየ፣ እባክሽ ከሰሉን እዚያ ማዶ!» ብዬ ጮህኩ። ቡናው በረንዳ ላይ ተፈላ። እኔም ጨርቆቹን ሰብስቤ ቆርቆሮ ውስጥ ከደንኳቸው። ይህን ለማንም ሰው ደግሜ ደጋግሜ እናገራለሁ፦ ላምባና ፍም አንድ ግቢ ውስጥ ከሆኑ መጀመሪያ የሚነሳው ፍሙ ነው።

በግራ በኩል ከ41ዱ 38 ወጣ። ሦስቱ የበሩ ጎማ ጠርዝ ላይ ናቸው። እነሱ ላይ ላምባውን ትንሽ አቆየሁት።

ላምባ ሥራውን ሲጨርስ ቀለሙ ላይ ቅባት ይተዋል። ቅባቱ አቧራ ይስባል፤ ስለዚህ ያው ማታውኑ በሳሙና ውሃ መታጠብ አለበት። ሊመሽ ሲል ባትሪ ጥርሴ ላይ ነክሼ የታችኛውን ክፍል ብቻ አጠብኩ። አንድ ጀሪካን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል ነው። ሥራ የለም። ጠዋት በሩን ስከፍት ግን ያ የበሩ ጎማ ጠርዝ እንዳበጠ አየሁ። ላምባው ነው። ጎማ የነዳጅ ዘር ሲነካው ጠጥቶ ያብጣል። በሳሙና ውሃ አጠብኩት። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ተመልሷል፣ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። ጎማና ፕላስቲክ አካባቢ ያሉትን ነጥቦች በምግብ ዘይት መሞከር ነበረብኝ። ዘይት ቀርፋፋ ነው፣ ጎማውን ግን እንደ ላምባ አይቸኩልበትም። የቀኙን በር እንደዚያ ነው የማደርገው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ያለፉትን ቀናት ማታ ማታ የቀኙን ጎን ሬንጅ ጨረስኩ። 29 ነጥብ። የጎማ ጠርዝ ላይ የነበሩትን ሁለቱን ዘይት አስነክቼ ላስቲክ ሸፍኜባቸው አደርኩ። ጠዋት በጨርቅ ሲነኩ ወጡ። ጎማው ደኅና ነው።

ዛሬ የብረቱ ብናኝ። መጀመሪያ አጠብኳት፣ ሁለት ጀሪካን። ከዚያ የፌስታሉን ምርመራ አደረግሁ። ቀጭን ፌስታል እጅ ላይ ይጠለቅና እርጥቡ ቀለም ላይ በጣት ጫፍ ይዳሰሳል። በባዶ እጅ ለስላሳ የሚመስለው ሁሉ በፌስታሉ ውስጥ ይናገራል። ጣሪያው ላይ እጄ እንደ መስታወት ሄደ። ኮፈኑ ላይ አልፎ አልፎ ኮረኮረኝ። የኋላ በሩ ላይ ግን ያልሻከረኝ ቦታ አልነበረም፤ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ልጁም እጁን አስገብቶ ሞከረ። «እንደ አባቴ ጺም ነው» አለ። ልክ ነው፣ እንደ ሁለት ቀን ጺም።

ለዚህ ሥራ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ክሌይ ባር ልኮልኛል። ልጆች እንደሚጫወቱበት ፕላስቲሲን ያለ፣ የሚለጠጥ ጭቃ ነው። ግማሹን ቆርሼ በእጄ አሙቄ ጠፍጣፋ ቂጣ አደረግሁት። የሳሙና ውሃ በሚረጭ ጠርሙስ ሞላሁ። ውሃው እስኪወርድ ድረስ ይረጫል፣ ክሌዩ ሳይጫኑት ይንሸራተታል። ደረቅ ላይ ከሄደ ይጣበቃል፣ ቀለሙንም ይጎዳል።

መጀመሪያ ላይ ክሌዩ እየያዘ ይሄዳል። እጅ ሥር የሚሰማ ሸካራ ድምፅ አለው፣ ሽርርር የሚል። አምስት ስድስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ድምፁ እየሳሳ ይመጣና በድንገት ዝም ይላል። ያ ዝምታ ሲመጣ እጅ አብሮ ይንሸራተታል። እዚያ ቦታ ላይ ሥራው አልቋል። ክሌዩን ገልብጬ አየሁት። ነጭ የነበረው ፊቱ ላይ ብርቱካንማ ነጥቦች ተሰክተዋል፤ አንዳንዶቹ ጥቁር ልብ አላቸው። ያ ጥቁሩ ገና ያልዛገው ብረት ነው። አጥፌ፣ አቡክቼ፣ አዲስ ፊት አወጣሁ። አጠቃላይ ሥራው እንደ ሊጥ ነው።

የኋላ በሩን ጨርሼ ወደ ግራው ፓራፋንጎ ስዞር ክሌዩ ከእጄ አምልጦ መሬት ወደቀ። አነሳሁት። ጠጠር ነክሷል። ልጁ «እጠበው» አለኝ። አይታጠብም። አንድ አሸዋ ውስጡ ከቀረ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጭረት ነው። ሳልሰስት ጣልኩት። ግማሽ ብቻ የቆረስኩት ለዚህ ቀን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፖሊሽ። በማሽን አይደለም፣ በእጅ፣ ኮፈኑና የኋላ በሩ ላይ ብቻ። ትንሽ ፖሊሽ ስፖንጅ ላይ አድርጌ ሳሽ ጨርቁ ነጭ ሆነ። ፖሊሹ ራሱ ነጭ ስለሆነ መጀመሪያ አልጠረጠርኩም። ጠርጌ በንጹሕ ጨርቅ ስደግመው አሁንም ነጭ መጣ። የመኪናዋ ቀለም ነው! ስለዚህ የእኔ ቪትዝ ከነጩ ቀለም በላይ ግልጽ ቫርኒሽ የላትም። በብዙ መኪኖች ላይ ፖሊሽ የሚነካው ቫርኒሹን ነው። እዚህ ግን የማነሳው ራሱን ነጩን ነው። ከላሜራው በላይ ያለው ሽፋን ጠቅላላ ውፍረት፣ ከመጀመሪያው ቅብ እስከ ላይኛው፣ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ላይ ነው የምቀንሰው። ስለዚህ አንድ ዙር ብቻ ሄድኩና አቆምኩ። የሸረሪት ድሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ጥልቆቹን ጭረቶች ለማጥፋት ብዬ ቀለሙን ማሳሳት አልፈልግም። ቀለም ከማጣት ጭረት ያለው ቀለም ይሻላል።

ነጩ ግን ተመለሰ። ክሬም መስሎ የነበረው ኮፈን ወተት ሆነ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሰም። የተገዛው የመኪና ሰም ውስጥ ካርናውባ አለበት። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኝ ጠንካራ ሰም ነው፤ ለመቅለጥ ከ80 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። በስሱ ይቀባል፣ ደርቆ ሲደበዝዝ በንጹሕ ጨርቅ ይነሳል። ወፍራም ከተቀባ ማንሳቱ መከራ ነው፣ ጥቅሙም አይጨምርም።

አንድ ነገር ግን መሞከር ፈለግሁ። እዚህ የማር አገር ነን። የንብ ሰም ሞልቷል፤ እማየ ለጧፍ የምታስቀምጠው አለ። ትንሽ ቁራጭ ጠየቅኳት። «የቤተ ክርስቲያኑን ለመኪና?» አለች። ከገበያ ሌላ ልገዛላት ቃል ገብቼ አውራ ጣት የምታክል ሰጠችኝ። ጣሳ ውስጥ አድርጌ ጣሳውን የፈላ ውሃ ላይ አቀለጥኩት። ከምድጃው አርቄ ካወጣሁት በኋላ ትንሽ አኳራጅ (የቅባት ቀለም ማቅጠኛ) ጨመርኩበት። ሲቀዘቅዝ ለጋ ቅቤ መሰለ። ሽታው ደስ ይላል። የቀኙን የኋላ በር ግርጌ በእሱ ቀባሁ። ሌላውን ሁሉ በተገዛው።

ዛሬ ሁለቱም ያበራሉ። ውሃ ብረጭባቸው በሁለቱም ላይ እንደ ዕንቁ እየተድበለበለ ወረደ። ልዩነት አላየሁም።

ሰኞ ማታ፣ ኅዳር 8

ትናንት ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ረቡ ገበያ ደርሼ ተመለስኩ። በዚህ ወቅት ያልተጠበቀ ዝናብ መጥቶ መንገዱን ጭቃ አድርጎት ነበር። ቪትዟ እስከ መስኮቷ ቀልታ ገባች። በውስጤ ያ ሁሉ ልፋት ብዬ አዘንኩ።

ዛሬ ከሥራ እንደመጣሁ ነጠላዎቹን ከተሰቀሉበት አወረድኩ። እንዶድ የለም፣ ላርጎም የለም። ጣሳ ውሃ ብቻ። በጣሳ ስለቅ ቀዩ ጭቃ በጠፍጣፋው እየተላጠ ወረደ። ነጠላ ያስፈለገው የፊት ፓራፋንጎዎቹ ሥር ብቻ ነበር፤ እዚያም አሥር ደቂቃ በቃው። አንድ ጀሪካን ከሩብ። ባለፈው ወር አራት ተኩል ነበር።

የንብ ሰሙ በር ግን ሌላ ታሪክ አለው። ጭቃው ከእሱም ወርዷል። ከወረደ በኋላ ግን ደቃቅ አቧራ ተጣብቆ ቀርቷል፣ እንደ ዱቄት። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ ብቻ በላይ ስለሚቀልጥ ቀን ፀሐይ ላይ ሲቆም ይለሰልሳል፤ የለሰለሰ ሰም አቧራ ይይዛል። በሞቀ የላርጎ ውሃ አነሳሁትና በሌላው ሰም ተካሁት። የተረፈውን የንብ ሰም ጋሸ ምርኩዛቸውን ሊያሹበት ወሰዱት።

የፌስታሉን ምርመራ ደገምኩ። የኋላ በሩ እንደ መስታወት ነው። ግራው የበር ጎማ ጠርዝ ላይ ሦስቱ የሬንጅ ነጥቦች አሁንም አሉ፣ ጎማውም እንዳበጠ ነው። ዛሬ ማታ ዘይት አስነክቼ ላስቲክ ሸፍኜባቸዋለሁ። ጠዋት አያቸዋለሁ።